ባዶ ነው የተባለው ፍላሽ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ግንብ ፍራሹ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በዚያው ሠፈር ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት አንድ ነገር ደርሶ ነበርና እርሱን ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች ልንጽፍ ወደድን። ነገሩ የቤት ውስጥ ነገር ነው፤ ጦር አልተማዘዘበትም፥ ዳኛም አልተቀመጠበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጉዳት በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ እናያለን፤ መድኃኒቱ ሳለ ባለማወቅ ብቻ የአባትና የእናቱን መታሰቢያ በገዛ እጁ ያጠፋው ሰው ጥቂት አይደለም።

የቤቱ ባለቤት የነበሩት አሮጊት፥ ልጆችም የልጅ ልጆችም ሁሉ እማማ እያሉ የሚጠሩአቸው፥ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓመት ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ወጣት፥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አጠገባቸው እየተቀመጠ የሚናገሩትን በስልኩ ይቀዳ ነበር። እንዲህ እያደረገ ስድስት እሑድ ቀዳ። ማን ከማን እንደ ተወለደ፥ ማን ማንን እንዳገባ፥ ማን የማን የክርስትና ልጅ እንደ ሆነ ሁሉን ተናግረዋል። ከዚህም ጋር ደርቡሾች በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ፥ ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት አያታቸው የነገሩአቸውን ታሪክ በሰሙት ቃል አወሩት። ወጣቱ ይህን ሁሉ፥ ከቤቱ አሮጌ ፎቶግራፎች ቅጂ ጋር፥ 16 ጊጋ ባይት በሚይዝ በአንድ ፍላሽ ላይ አኖረው። ስልኩም ኋላ ከውሃ ወድቆ ስለ ጠፋ፥ የእማማ ድምፅ ያለበት ነገር በዓለም ላይ ያ ፍላሽ ብቻ ሆነ።

የአርባው ቀን ተዝካር በቀረበ ጊዜ ፎቶግራፋቸው ታትሞ ከግድግዳው ላይ እንዲሰቀል ተመከረ። ወጣቱም ፍላሹን ይዞ ወደ ከተማ ወርዶ በአንድ የኮፒና የኅትመት ቤት አሳተመ። ፎቶግራፉ ያማረ ሆኖ ወጣ። ፍላሹ ግን ሲመለስ ብቻውን አልተመለሰም፤ ቫይረስ ይዞ ገባ። የዚያን ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ከጧት እስከ ማታ የማያውቀውን የሰው ፍላሽ ሁሉ የሚቀበል ኮምፒዩተር፥ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፥ እንደ ገበያ በር ነው፤ ጤነኛውም በሽተኛውም ያልፍበታል።

ፍላሽ የሚባለው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ፥ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ሳይኖርበት፥ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላትን እየዘጋ ጽሕፈትን የሚጠብቅ ነው። ይህን ብልሃት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ያወጣው በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው፤ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካው ፍላሽም ለገበያ የወጣው በ2000 ነው። ቫይረስ ደግሞ እንደ እውነተኛው ደዌ ሕይወት ያለው ተሐዋሲ አይደለም፤ ሰው በክፋት የጻፈው ትዕዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ትዕዛዙን ሲያነብ ይታዘዘዋል፤ የመጀመሪያው ትዕዛዝም ዘወትር፦ «ራስህን ቅዳ፥ ወደሚቀጥለውም ዕቃ ተሻገር» የሚል ነው።

ቀድሞ ዊንዶውስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት፥ ፍላሽ በተሰካበት ጊዜ በውስጡ ያለውን ትዕዛዝ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ያስጀምር ነበር። በ2001 ዓ.ም. የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በመላው ዓለም ሲዛመት በፍላሽም ጭምር የተሻገረው በዚሁ በር ገብቶ ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ በየካቲት ወር 2003 ዓ.ም. ለቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ሁሉ ይህን በር የሚዘጋ ማሻሻያ ላከ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የቫይረስ ጸሐፊዎች ሌላ ዘዴ አገኙ፤ ኮምፒዩተሩ ባይታዘዝላቸው ባለቤቱን ማታለል ጀመሩ። ሾርትከት የሚባለው ደዌ ይህ ነው። ዕቃህን ሁሉ ወስዶ ይሰውርና በምትኩ የዕቃህን ስምና መልክ የያዘ ሐሰተኛ ምልክት ያኖርልሃል። አንተም ፎቶግራፍህን የከፈትህ መስሎህ ስትነካው ቫይረሱን በእጅህ ታስጀምረዋለህ። ፎቶግራፉንም ከጀርባ ስለሚከፍትልህ ምንም አትጠረጥርም።

በእኛ አገር ይህ ደዌ እንዲበረታ ያደረገ ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ከኢንተርኔት ይልቅ በፍላሽ ይላላካልና። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ደብዳቤውም ፎቶግራፉም የትምህርት ጽሑፉም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይተላለፍ ነበር። በየኮምፒዩተሩ ያለው አንቲ ቫይረስም አዲስ የወጡትን ደዌዎች ዝርዝር የሚቀበልበት መንገድ ጠበበበት። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተር ከደዌ የተጠበቀ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን በሰኔ ወር 2002 ዓ.ም. የተገለጠው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ፥ ከኢንተርኔት ጋር ወዳልተገናኘው የኢራን የናታንዝ ፋብሪካ የገባው በፍላሽ እንደ ሆነ ይታመናል።

ወደ ቁስቋም እንመለስ። ወጣቱ ከኅትመት ቤት ተመልሶ ፍላሹን ከቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው፥ ቀድሞ ብዙ ፎልደር የነበረበት ፍላሽ አንድ ምልክት ብቻ አሳየው፤ ምልክቱም የፍላሹን የራሱን ስም ይዞአል። ነካው፤ ተከፈተለት፤ ዕቃውም ሁሉ ታየው። በማግሥቱ ግን ኮምፒዩተሩ ዘገየ፥ የእኅቱም ፍላሽ በዚያው ላይ በተሰካ ጊዜ እንደዚሁ ሆነ። ያን ጊዜ ደዌ መሆኑ ታወቀ።

ኮምፒዩተሩን ለማጽዳት ያደረገው ነገር ሁሉ ደኅና ነበር ማለት ይቻላል። ከኢንተርኔት አዲሱን የደዌ ዝርዝር ካወረደ በኋላ፥ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንቲ ቫይረስ ሙሉ ምርመራ እንዲያደርግ አዘዘው፤ ቀጥሎም ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚመረምረውን አደረገ። ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ማስቀደሙም ትክክል ነው። ፍላሹ ቢጸዳና ኮምፒዩተሩ ባይጸዳ፥ በተሰካ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ደዌው ይመለስበታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። በ1762 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባ ጊዜ፥ በዚሁ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ልጆች በፈንጣጣ ታምመው አግኝቶ ነበር። ደጁንና መስኮቱን ሁሉ እንዳስከፈተ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ እንዳጠነ፥ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤም እንዳሳጠበ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ተርኮታል። ከታመሙት የዳነ አለ፥ የሞተም አለ። ቤትን ማጽዳት ሌላ፥ በሽተኛውን መፈወስ ሌላ ነው። የዘመናችንም አንቲ ቫይረስ ሥራው ገዳዩን ማስወጣት ነው፤ ገዳዩ ያበላሸውን መጠገን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅበትም። ወጣቱ ያላወቀው ይህን ነበር።

ኮምፒዩተሩ ከጸዳ በኋላ ፍላሹን ሰክቶ እርሱንም እንዲጸዳ አዘዘ። አንቲ ቫይረሱ ሐሰተኛውን ምልክት አግኝቶ ሰረዘው። ፍላሹም በተከፈተ ጊዜ ባዶ ሆኖ ታየ። የወጣቱ ልብ ደነገጠ፤ አንቲ ቫይረሱ የእማማን ድምፅ ከደዌው ጋር አብሮ ያጠፋው መሰለው።

በዚህች ሰዓት ማድረግ የሚገባው አንድ ቀላል ነገር ነበር። የፍላሹን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ነክቶ ባሕርዩን ማየት ነው፤ በዚያ ስንቱ ቦታ እንደ ተያዘና ስንቱ ክፍት እንደ ሆነ ይጻፋል። ከ16 ጊጋ ባይቱ 11 ያህሉ ተይዞአል የሚል ቢሆን፥ ዕቃው አለ፥ ዐይናችን አላየውም ማለት ነው። ባዶ ቤት አይከብድም። ቫይረሱ በየፋይሉ ላይ ሁለት ማኅተም ያትማል፤ አንዱ «ስውር» የሚል ነው፥ ሁለተኛው «የሥርዓቱ የራሱ ፋይል ነው» የሚል ነው። ብዙ ሰው ስውሩን አሳየኝ ብሎ ኮምፒዩተሩን ሲያዝ የማይታይለት በሁለተኛው ማኅተም ምክንያት ነው። በእይታ ምርጫ ውስጥ የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ዕቃው፥ አንዳንዴም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተጠቅልሎ፥ ይገለጣል። ስሙ ባዶ ቦታ ብቻ ስለ ሆነ ዐይን ቶሎ አይለየውም፤ ከፍቶ ማየት ነው።

ማኅተሙን ራሱን ለማንሣት ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው ጥቁር መስኮት አትሪብ የሚባለውን ትዕዛዝ መጻፍ ነው። በፈረንጅ ፊደል አትሪብ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፥ ኤች፥ አርና ኤስ የሚባሉት ፊደሎች እያንዳንዳቸው የመቀነስ ምልክት በፊታቸው ይዘው ይከተላሉ፤ ቀጥሎ ኤስና ዲ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰረዝ በፊታቸው ይዘው ይጻፋሉ። በመጨረሻም የፍላሹ መጠሪያ ፊደል ከሁለት ነጥብና ወደ ኋላ ካዘነበለ ሰረዝ ጋር ይጻፍና ኮከብ፥ ነጥብ፥ ኮከብ ይዘጋዋል። በየመካከላቸው ባዶ ቦታ መተው አይረሳ። የፍላሹ መጠሪያ ፊደል የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ በደንብ ይታይ፤ ትዕዛዙ በኮምፒዩተሩ በራሱ ክፍል ላይ ቢፈጸም የማይነካውን ይነካልና።

ዕቃው ከተገለጠ በኋላም መጀመሪያ ወደ ሌላ ስፍራ ይቀዳል እንጂ በፍላሹ ላይ መጥረጊያ አይነሣም። ከተቀዳውም ፎቶግራፉን፥ ድምፁንና ጽሑፉን ብቻ መውሰድ ነው፤ የማይታወቅ ትዕዛዝ የያዘ ፋይል ቢገኝ በዚያው ይቅር።

ወጣቱ ግን ይህን የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ተቻኮለ። ሁለተኛ ምርመራ ጀምሮ ሳለ፥ ሥራው ሳይፈጸም ፍላሹን ነቅሎ ወደ ጓደኛው ኮምፒዩተር ሊወስድ ሮጠ። አንቲ ቫይረሱ በዚያች ቅጽበት በፍላሹ ላይ ይጽፍ ኖሮ መዝገቡ በመካከል ተቋረጠ። በጓደኛው ቤት በተሰካ ጊዜ፥ በፍላሹ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል የሚል ቃል ወጣ። ወደ ኅትመት ቤቱ ቢወስደው እዚያ ያለው ሠራተኛ ሳያመነታ፦ «ፎርማት ይደረግ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለው። በክፋት አይደለም፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰጠው ምክር ስለ ሆነ ነው። ወጣቱም ፎቶግራፉ ከታተመ ፍላሹ ቢቀርም ምን ይደረግ እያለ ልቡን እያጽናና ወደ ቤት ተመልሶ ለእማማ ታላቅ ልጅ ነገራቸው።

«እትዬ፥ ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም አሉኝ።»

«ፎርማት ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ፍላሹን እንደ አዲስ ማድረግ ነው።»

«እንደ አዲስ ከሆነማ፥ አሮጌው ወዴት ይሄዳል?»

ወጣቱ መልስ አጣ። እትዬም፦ «እንግዲያውስ አሮጌው የሚሄድበትን እስክታውቅ ድረስ አትንካው» ብለው ፍላሹን ከእጁ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ወይዘሮ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን ከአዋቂዎችም አልሰማንም።

አሮጌው የሚሄድበት እንዲህ ነው። በፍላሽ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ መዝገብና ዕቃ። መዝገቡ ይህ ፋይል ከዚህ ይጀምራል፥ እዚያም ይቀጥላል እያለ የሚያመለክት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መዝገብ ቢቃጠል መጻሕፍቱ ከመደርደሪያው አይነሡም፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር ይጠፋል እንጂ። ፈጣኑ ፎርማት አሮጌውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ ያኖራል፤ ዕቃው እስከ ጊዜው በቦታው ይቆያል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በተጻፈበት መጠን ግን በአሮጌው ላይ እየተደረበ ያጠፋዋል። ሙሉው ፎርማት ደግሞ፥ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ባሉት ሥርዓቶች፥ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ እየጻፈ ዕቃውንም ራሱን ይደመስሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ፎርማት ላድርግ ብሎ የሚጠይቀውን ኮምፒዩተር እንቢ ማለት ያስፈልጋል። ስሕተት ላርም የሚለውንም ቢሆን መጠርጠር ይገባል። ቼክ ዲስክ የሚባለው አራሚ መዝገቡን እርስ በርሱ ለማስማማት ይሠራል እንጂ የፋይሉን ባለቤት አያስብም፤ የተበጣጠሰውን ሁሉ ቁጥር ብቻ ባላቸው ፋይሎች ሰብስቦ ከአንድ ፎልደር ሊጥለው ይችላል። እርሱ የሚታዘዘው ዕቃው ከተቀዳ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን የኮምፒዩተር ትምህርት የተማረ አንድ የሠፈር ልጅ ተጠራ። እትዬ ፍላሹን ፈትተው የሰጡት በቃል ካስማሉት በኋላ ነው ይባላል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የፍላሹ ነው ወይስ የኮምፒዩተሩ የሚለውን ፈተነ። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ፍላሹን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ባለው መሰኪያ፥ ቀጥሎም በሌላ ኮምፒዩተር ሞከረው፤ ሌላም ጤነኛ ፍላሽ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሰካ። ጤነኛው ተነበበ። የማይነበብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ቫይረስ ሲገባ የኮምፒዩተሩን ደንብ ይለውጣል፤ ከጸዳም በኋላ የለወጠው ደንብ እንደ ተለወጠ ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ ፍላሹ ይታወቃል፥ መጠሪያ ፊደል ግን አይሰጠውም፤ ያን ጊዜ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው ስፍራ ገብቶ ፊደል መስጠት ነው። አንዳንዴም በኮምፒዩተሩ የደንብ መዝገብ ውስጥ የዩ ኤስ ቢ ማከማቻ አገልግሎት መነሻ ቁጥሩ 4 ተደርጎ ይገኛል፤ ይህም ተዘግቶአል ማለት ነው፥ ወደ 3 ሲመለስ ይከፈታል። በመሥሪያ ቤቶች ግን ይህ በኃላፊው ትእዛዝ ሆን ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሳይጠይቁ እንዳይከፍቱት እናሳስባለን።

ቀጥሎ ጎረቤቱ የፍላሹን ስፋት ተመለከተ። ዲስክ ማኔጅመንት 14.9 ጊጋ ባይት ብሎ ጻፈለት። ፋብሪካው በሺህ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ በ1024 ስለሚቆጥር 16 የተባለው 14.9 ሆኖ ይታያል፤ የተሰረቀ ነገር የለም። ዓይነቱን ግን «ሮው» አለው፤ ጥሬ ማለት ነው። ሥጋው አለ፥ ሥርዓቱ ግን አልታወቀኝም ሲል ነው። ይህ መልካም ምልክት ነበር። ስፋቱ ዜሮ ቢሆን ወይም በውስጡ ምንም የለም ቢል፥ የፍላሹ ውስጣዊ መሣሪያ ተሰብሮአልና በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አይኖርም። እንዲሁም ሌላ ዓይነት ሕማም አለ፤ ፍላሹ ይነበባል፥ ጽሕፈት ግን አልቀበልም ይላል። ይህ በኮምፒዩተሩ ደንብ ካልሆነ፥ የፍላሹ ክፍሎች ደክመው ራሱን መዝጋቱ ነው፤ ከእርሱ ጋር መታገል ትቶ ዕቃውን ቶሎ መቅዳት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ፍላሹን አልጠገነም። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት በሚነሣ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ፥ ዲ ዲ ሬስኪዩ በሚባለው መሣሪያ ፍላሹን ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው፥ ባዶውንም ሙሉውንም ሳይለይ፥ እንደ አንድ ታላቅ ፋይል ቀዳው። ከዚያም ፍላሹን ነቅሎ ለእትዬ መለሰላቸው። እርሳቸውም መልሰው ቋጠሩት። ሥራው ሁሉ የተሠራው በቅጂው ላይ ነው፤ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ ይወሰዳል። በሊኑክስ መሥራቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ በዚያ አይነሣም፥ «ስውር» የሚለውንም የፍላሽ ማኅተም ሊኑክስ አይቀበለውም፤ ያለውን ሁሉ ያሳያል።

ቴስትዲስክ የሚባለው፥ ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የጻፈውና ያለ ዋጋ የሚገኘው መሣሪያ በቅጂው ላይ ተሠማራ። እንደዚህ ዓይነቶቹ ፍላሾች ብዙ ጊዜ ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ በዚህ ሥርዓት ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ሁለተኛ ቅጂ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጣል፥ የፋይሎቹም መንገድ መዝገብ ሁለት ሆኖ ይጻፋል። የመጀመሪያው ገጽ ተበላሽቶ ሁለተኛው ደኅና ነበር። ቴስትዲስክ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ስፍራ መለሰው። ያን ጊዜ ፎልደሮቹ ታዩ። ስም የሌለው ፎልደርም ታየ፤ በእርሱም ውስጥ የቤቱ ፎቶግራፎችና ስድስቱ ቅጂዎች ተደርድረው ተገኙ። ጎረቤቱ፦ «እትዬ፥ አሮጌው የትም አልሄደም» ብሎ ጮኸ።

መዝገቡ በማንኛውም መንገድ ባይገኝ ኖሮ፥ ከዚያው ሰው እጅ የወጣ ፎቶሬክ የሚባል ሌላ መሣሪያ ነበረ። እርሱ መዝገብ አይጠይቅም፤ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት በሚጀምርበት ምልክት እያወቀ ከሥጋው ይለቅማል። ሥራው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የፋይሎቹን ስም አይመልስም። ሦስት መቶ ፎቶግራፍ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ሲመጣ የማን እንደ ሆነ መለየት የቤተ ሰቡ ሥራ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ሲባል ሰው ከማይታወቅ ስፍራ መሣሪያ እንዳያወርድ ግን እንመክራለን። ፋይል እመልሳለሁ እያለ ሁለተኛ ቫይረስ የሚያስገባ ብዙ ነው።

ስድስቱ ቅጂዎች አንድ በአንድ ተሰሙ። አምስተኛው ከመካከሉ ተቋረጠ። እማማ፦ ደርቡሾች መምጣታቸው በተሰማ ጊዜ የደብሩ ካህናት መጻሕፍቱን እንዴት እንዳወጡ፥ በማን ጀርባ እንዳሸከሙና ወዴት እንደ ወሰዱ ሊናገሩ ሲጀምሩ ድምፃቸው ይቆማል። ፍላሹ በተነቀለ ጊዜ የዚያ ፋይል መንገድ በሁለቱም መዝገብ ተበጥሶ ነበር። ፎቶሬክም ቢሞከር ከዚያ የሚበልጥ አላገኘም፤ ቀሪው ክፍል በተለያየ ስፍራ ተበትኖ የተቀመጠ ስለ ሆነ መነሻ ምልክት የለውም። ጎረቤቱ ሁለት ሌሊት ደከመበት።

አሁን በዚያ ቤት ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወደ ኅትመት ቤት የሚሄደው ፍላሽ ሌላ ነው፤ የሚታተመውን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይወርዳል፥ ሲመለስም ምንም ሳይከፈት በቀጥታ ይመረመራል፤ ይህ ፍላሽ ፎርማት ቢደረግ ማንም አያዝንም። የእማማ ድምፅ ከሦስት ስፍራ ተቀምጦአል፤ አንዱ በቤቱ ኮምፒዩተር፥ አንዱ በሣጥን ባለ ዲስክ፥ ሦስተኛው አዲስ አበባ ከሚኖር ወንድማቸው ዘንድ። የቤቱ ሰው ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን የተስማማው ለእሳት ወይም ለሌባ ነው። በዚህ ላይ የቁስቋም ሰው ብዙ ሊነገረው አያስፈልገውም፤ በ1880 ዓ.ም. ደብሩ በተቃጠለ ጊዜ የነበረውን ፍራሹ ራሱ ይመሰክራል። ፍላሽ ሳይነቀልም በሰላም ለመንቀል የሚያስችለው ምልክት ይነካል፥ መልስ እስኪመጣም ይጠበቃል። አሮጌውን ፍላሽ ለዘለዓለም ማከማቻነት አይተማመኑበትም፤ ሙላቱ ሳይሰካ ዓመታት ከቆየ እየሰለለ ሊሄድ ይችላልና በየዓመቱ ይሰማል፥ በየጊዜውም ወደ አዲስ ዕቃ ይቀዳል።

በተዝካሩ ዕለት እንግዶች ከተሸኙ በኋላ ቤተ ሰቡ ብቻ ተቀምጦ ቅጂዎቹን ሰማ። አምስተኛው ዘንድ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያም እትዬ፦ «እኔ የሰማሁትን ያህል ልንገራችሁ» አሉና የመጻሕፍቱን ነገር ከእናታቸው እንደ ሰሙት ካቆመበት ቀጠሉት። ሁለት ስፍራ ላይ ተሳሳቱ መሰላቸውና መልሰው አረሙት። ወጣቱም ስልኩን አውጥቶ ቀዳ፤ በዚያው ማታ ከመተኛቱ በፊት ከሦስቱም ስፍራ አኖረው።